አባባ፣ ጨረቃዋ ቀደመችን

ጎንደር፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንዴት ሰነበቱ? ዓይንዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአዲስ አበባ ብርድ ክፉ ነውና ጋቢዎን እንዳይጥሉ።

ባለፈው በስልክ «ሌሊት ሌሊት ሰማይ ላይ ምን ጠፍቶብሽ ነው የምታፈጪው?» ብለው ሲስቁብኝ ኔትወርኩ ተቋረጠ። መልሱን በደብዳቤ ልጻፍልዎ ብዬ ነው።

ሰማይ የምናይ ሰዎች ተሰባስበናል። ማኅበር ቢሉት ማኅበር ነው፤ ጽዋ የለንም እንጂ። አሥራ ምናምን ሰዎች ነን። አስተማሪ አለ፣ ነርስ አለች፣ አንድ ጡረታ የወጣ ሹፌርም አለ። ከሁላችንም በላይ የሚጓጓው እሱ ነው። ቴሌስኮፓችን አንድ ብቻ ነው፤ መስታወቱ 15 ሳንቲሜትር ይሆናል። በባጃጅ ስንወስደው በጋቢ ጠቅልለን እንደ አራስ ልጅ እናቅፈዋለን። እንዲያም ሆኖ አንድ ቀን ኮብልስቶኑ አንገጫግጮት መስታወቱ ተዛነፈ። ያን ማታ ያየነው ኮከብ ሁሉ ጭራ አወጣብን።

ጎሃ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ማየት ደስ ይል ነበር። ግን ማታ መንቀሳቀሱ እንደ ድሮው ስላልሆነ በጊዜ አንዱ አባል ግቢ ገብተን እዚያው እናድራለን። ስለዚህ አያስቡ። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ያማርራል፣ እኛን ግን እልል ማለት ይቃጣናል። ሰማዩ ያኔ ነው የሚወጣው።

አንዳንድ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን እንጠራለን። ዘንድሮ ሳተርንን ስናሳያቸው «ቀለበቱ የታለ?» ብለው አፋጠጡን። እውነታቸውን ነው። ቀለበቷ በየ15 ዓመቱ ገደማ በጎኗ ትዞርብናለች፤ አሁን እንደ መርፌ ቀጥናለች። አንዲት ጎረቤት ደግሞ የልጇንና የራሷን ስም ይዛ «ኮከቧን ቁጠሩልኝ» ብላ መጣች። እኛ ያንን አይደለንም ብንላት አላመነችንም። ሳተርንን አይታ፣ ትንሽ ዝም ብላ፣ «ይቺ ናት የልጄ?» አለችን። ምን ይመለሳል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ።

ጳጉሜን 2 ቀን እሑድ ማታ የጨረቃ ግርዶሽ ነበረ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ መሬት ጥላዋን ትጥልባት ጀመር። ከ2 ሰዓት ተኩል አንስቶ ለ82 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ጥላው ውስጥ ነበረች። ደመናው እየከፈተ እየዘጋ አበሳጨን እንጂ በከፈተ ቁጥር የበርበሬ ቀለም ይዛ ትታየን ነበር። የፀሐይ ብርሃን በመሬት አየር ውስጥ ሲያልፍ ሰማያዊው ይበተናል፤ ቀዩ ታጥፎ እሷ ላይ ያርፋል። ምክንያቱ ይኸው ነው።

በማግስቱ አንድ ነገር ከነከነኝ። መደብ ላይ አስቀምጠው ያስተማሩኝ ባሕረ ሐሳብ፣ ያ የበዓላትና የጨረቃ መቁጠሪያ ቀመር፣ አልጠፋብኝም። የዘንድሮውን ይኸው ልሥራልዎ፦ 5500 ዓመተ ፍዳ እና 2018 ዓመተ ምሕረት ሲደመር 7518። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንዱን ለዘመኑ ጥለን ወንበር 12። በ11 ስናባዛው 132፤ በ30 ስንገድፈው አበቅቴ፣ ማለትም የዓመቱ የጨረቃ ቁጥር መነሻ፣ 12። መጥቅዕ፣ የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫው፣ 18። ሁለቱ ተደምረው 30፣ እንደ ደንቡ። ደህና ተማሪ ነኝ ወይስ?

ታዲያ የጳጉሜኗን ሌሊት በዚያው በ2017 አበቅቴ፣ በ1፣ ብሠራት ጨረቃዋ ለመሙላት ገና ቀናት ይቀሯታል። ሰማይ ላይ ግን ሙሉ ነበረች! ሙሉ ካልሆነች ደግሞ ግርዶሽ የለም። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ያው ነው።

የማኅበራችን የሒሳብ አስተማሪ ነው ምክንያቱን ያሳየን። 19 ዓመት ማለት 235 የጨረቃ ወር ነው የሚባለው እውነት ነው። ግን ልክ አይገጥምም፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይተርፋል። ያ ትርፍ እየተጠራቀመ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሞላል። ቀመሩ ደግሞ ከ1500 ዓመት በላይ ስላለፈው የሰማይዋ ጨረቃ የመጽሐፏን ጨረቃ በቀናት ቀድማታለች። አስተማሪው «ስህተት አገኘን» ብሎ ፈነጠዘ። እኔ ግን ገረመኝ። ቴሌስኮፕ ሳይኖር በ19 ዓመት የሰዓት ተኩል ልዩነት ብቻ! በነገሩ ተጨቃጭቀን አመሸን።

እናም አባባ፣ ልጠይቅዎ የፈለግሁት ይህን ነው። እርስዎ ሲማሩ የኔታ ይህን ነገር ያነሱት ነበር? ወይስ ጨረቃን ቀና ብሎ ከቁጥሩ ጋር ያስተያየ ተማሪ አልነበረም? ለጥምቀት ሲመጡ ደብተርዎን ይዘው ይምጡ። አንድ ማታ ለማኅበሩ ያስተምሩልን፤ ወንበርና ሻይ ከእኛ። የከተራ ዕለት ማታ ጨረቃ አትኖርም፣ ሰማዩ ጨለማ ነው። ጁፒተር ግን ደምቃ ትወጣለች። ዓይንዎ ከፈቀደ ጨረቃዎቿን አሳይዎታለሁ።

ለእማዬም ይንገሩልኝ። አንድሮሜዳ የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ «ቡና» የተባለ ኮከብ አለ። እየዞረችው ያለችው ፕላኔት ስሟ «አቦል» ነው። ስሙ ከኢትዮጵያ ተመርጦ እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀ ነው፣ ቀልድ አይደለም። ቶናው ገና አልተገኘም በሏት።

ልጅዎ