መንጋጋ ቋ ስላለ ቢላ አይነሳም

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ መንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም ያወጣችሁት ጽሑፍ ወደ ቀዶ ሕክምና ማዘንበሉ ቅር አሰኝቶኛል። አብዛኛው ታማሚ እኮ ቢላ ሳይነካው ይሻለዋል!

ምርመራው በጣት ይጀምራል። ሐኪሙ የማኘኪያ ጡንቻዎችንና ከጆሮ ፊት ያለውን መገጣጠሚያ ይዳስሳል፤ አፍ ምን ያህል እንደሚከፈት ይለካል። አዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 40 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይከፍታል። ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የውስጥ አካል ምስል) ለሁሉም አያስፈልግም። ሕመም የሌለው የ“ቋ” ድምፅም ብቻውን ሕክምና አይሻም።

ካመመ ለስላሳ ምግብ፣ ሙቅ ፎጣ፣ ማስቲካ መተው፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ለአጭር ጊዜም ማስታገሻ ይሞከራል። ሌሊት የሚደረግ የጥርስ መሸፈኛ አንዳንዱን ይረዳል፤ ተአምር ግን አይጠበቅበት። እኔን የሚያሳስበኝ ንክሻን፣ ማለትም የላይና የታች ጥርሶችን አገጣጠም፣ ለማስተካከል ተብሎ ጥርስ መሞረድ ነው። የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልማ! መንጋጋው ተቆልፎ አልከፈት ወይም አልዘጋ ካለ ግን ቶሎ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

አንባቢያችሁ