ወንበር የደረበው ሰውዬ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ከተማ ከንቲባዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ያነበብኩት እዚህ ጅማ፣ አዌቱ ወንዝ አጠገብ ካለች አንዲት የጀበና ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ግን ከላይ እስከ ታች የሰውዬው ጠባይ ብቻ ነው፦ ማን ተግባቢ ነው፣ ማን ኩሩ ነው፣ ማን ስልክ ያነሳል። ጮክ ብዬ ባነበው ጊዜ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ።

አንድ የባጃጅ ሹፌር «እኔ ኮስታራውን ነው የምፈልገው፤ ሳቂታ ከንቲባ መንገድ አይሠራም» አለ። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ደግሞ «ተው እንጂ ልጄ፣ ሰው የማይቀርበው ሹም ምን ይረባሃል?» አሉት። ሁለቱም ሲኒያቸውን አስደገሙ። ባለ ቡናዋ ከሰሏን እያራገበች «ለመሆኑ የምትጨቃጨቁበት ሰውዬ ስሙ የድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ አለ እንዴ?» አለች። ዝም፣ ጭጭ።

የለማ! እኛ አገር መራጩ ከንቲባን በቀጥታ አይመርጥም። የእኛ ድርሻ የምክር ቤት አባል መምረጥ ነው። አዲስ አበቤዎች ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የመረጡት የከተማውን ምክር ቤት ነው፤ ወይዘሮ አዳነች አቤቤን ከንቲባ ያደረገው ያ ምክር ቤት ነው፣ መስከረም 2014 ላይ። በዚያው የሰኔ ምርጫ እኛ ጅማዎች የሰጠነው ድምፅ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለጨፌ ኦሮሚያ ነበር። የከተማ ምክር ቤት ወረቀት አልቀረበልንም። የቀበሌ፣ የወረዳና የከተማ ምርጫ በአገር ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው ሚያዝያ 2005 ነው፤ በ2010 መሆን የነበረበት ተራዘመ። በ2005 አምስት ዓመቷ የነበረች የእህቴ ልጅ አሁን ካርድ ለማውጣት ዕድሜዋ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ አንድም የከተማ ምርጫ አይታ አታውቅም።

አፋችንም ይህን ያውቀዋል። «ከንቲባ ተመረጠ» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ተሾመ» ነው የምንለው። ሲሄድም «ተነሳ» ነው።

ታዲያ የማንመርጠውን ሰው ጠባይ ለምን እንዲህ እንመዝናለን? ልማድ ይመስለኛል። ጅማ ገዢዋን በፈረሱ ስም ስትጠራ የኖረች አገር ናት። አባ ጅፋር ማለት የጅፋር ባለቤት ማለት ነው፤ ጅፋር ፈረሱ ነው። ዛሬ ደግሞ በመኪናው ቀለም እንለየዋለን።

ዋናው መለኪያችን ግን ለቅሶ ነው። አምና በሰፈራችን አንድ ሽማግሌ አርፈው፣ ከተማውን የማስተዳደር ሐሳብ አለው የሚባል ሰው ድንኳን መጣ። ከፊት አልተቀመጠም፤ ከኋላ፣ ከእኛ ጋር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሻይ ጠጣ። ሊሄድ ሲል ወንበሩን ራሱ አንስቶ ግድግዳው ሥር ካሉት ላይ ደረበው። ሌላ ምንም አላደረገም። ከዚያ በኋላ ወር ሙሉ ሰፈሩ ስለዚያ ወንበር ነው ያወራው። እድርተኛው ሁሉ «እሱ ቢሆን ኖሮ!» ይላል። እኔም ብያለሁ፣ አልዋሽም። ከድንኳኑ ጀርባ በቆሻሻ ስለታፈነው ቦይ ግን አንድም ሰው አልጠየቀውም። ያን ቀን ጫማችን የበሰበሰው በዚያ ቦይ ውኃ ነበር።

ጋዜጣችሁም «የከተማው ሕዝብ» እያለ በጅምላ ባያወራ እመርጣለሁ። ጅማ አንድ ዓይነት መራጭ የላትም። የእኛው የጅማ መርካቶ ነጋዴ የሚጠይቀው ስለ ግብርና ስለ ሱቅ ኪራይ ነው። ባጃጅ ነጂው ስለ ጉድጓዱና ስለ ቤንዚን ሰልፉ። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ቡናና በቆሎ የነበረበት መሬቱ ከተማ ውስጥ የገባበት ገበሬ ስለ ካሳ ነው የሚያስበው። ከእሱ ጋር ቁጭ ብሎ በአፋን ኦሮሞ ያላወጋ ተወዳዳሪ፣ መርካቶ ላይ በአማርኛ ቢራቀቅ ዋጋ የለውም። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ደግሞ ሌላ ነው። ሕጉ ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖርን ይጠይቃል፤ ተማሪው ግን ጅማ አራትና አምስት ዓመት ቢቀመጥም ልቡ የሚመርጠው ለትውልድ አገሩ ነው። በተከራየበት ቤት ውኃ ሲጠፋበት ብቻ ጅሜ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ጉዳያቸው ለየቅል ነው፤ የሚያገናኛቸው ወሬ የከንቲባው ፊት መፍታትና መኮሳተር ብቻ ሆኗል።

የሰው ጠባይ አይወራ አላልኩም። ጠባይ ትልቅ ነገር ነው፤ ክፉ ሹም ከመጥፎ መንገድ ይብሳል። ነገር ግን የከተማው ምርጫ ቀን ተቆርጦ ወረቀቱ የቀረበልን ዕለት፣ ስማቸው ተጽፎ የምናገኘው የምክር ቤት ተወዳዳሪዎቹን ነው። በጀት የሚያጸድቁት፣ ከንቲባውን «ቦዩ ምን ደረሰ?» ብለው መጠየቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው። እነሱን ማን ያውቃቸዋል? ለቅሶ መምጣታቸውንስ ማን ልብ ይላል?

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ያ ጊዜ ሲመጣ እያንዳንዱን ፓርቲ «ብታሸንፉ ለከንቲባነት ማንን ታቀርባላችሁ?» ብላችሁ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ጠይቁልን፤ «ገና አልወሰንንም» ካሉም እሱኑ ጻፉ። ደግሞም የተወዳዳሪዎቹን ሙሉ ስም በየቀበሌው አውጡልን። ዝርዝሩ ረዝሞ ገጽ ይፈጃል ካላችሁ፣ ባለ ቡናዋ በሯ ላይ ለመለጠፍ ፈቃደኛ ናት። ጠይቄያታለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ጅማ