የእናቴ ካርድ ላይ የተጻፈው ይታረም

ለጤና ቢሮ ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

በዚህ ጉዳይ ሦስት ማመልከቻ መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ፤ ሦስቱም ቁጥር አላቸው። ያገኘሁት መልስ «እየታየ ነው» የሚል ብቻ ስለሆነ አሁን ሰው ሁሉ እያነበበው እጽፍልዎታለሁ።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት። መታጠቢያ ቤት ወድቃ የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። የሚተካውን መገጣጠሚያ ገዝታችሁ አምጡ ስንባል ከዘመድ ተበድረን ገዛን። ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ነበር፤ የሠራላትን ሐኪም ዛሬም እመርቃለሁ። በአራተኛው ቀን «አልጋው ይፈለጋል፣ ውሰዷት» ተባልን። የመድኃኒት ማዘዣና የቀጠሮ ወረቀት ሰጡን። ቁስሉ ቢቀላ ወይም ባቷ ቢያብጥ የምንደውልበት ስልክ አልተጻፈበትም። ቤታችሁ የት ነው፣ ስንተኛ ፎቅ ነው፣ ቀን ቀን ማን አብሯት ይውላል ብሎ የጠየቀን አንድም ሰው የለም።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰር የለም። የብሎኩ ልጆች በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው አወጧት። ፊዚዮቴራፒ ለማመላለስ የኮንትራት ታክሲ አቅሜ አይደለም፤ ቢሆንስ በየጊዜው ማን ተሸክሞ ያወርዳታል? እኔ ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጥቼ የምገባው ከመሸ ነው።

በ11ኛው ቀን ጎረቤታችን ቡና አፍልታ «እማማ፣ ብቅ ይበሉ እስኪ» አለቻት። እናቴ ክራንቿን ይዛ ሄዳ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ልትነሳ ስትል ዳሌዋ ወለቀ። ጩኸቷ ታች ግቢው ድረስ ተሰምቷል።

ዝቅ ያለ መቀመጫ፣ እግር ማነባበር፣ ዳሌን ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዲሱን መገጣጠሚያ ሊያወልቀው እንደሚችል የአጥንት ሐኪም ሁሉ ያውቃል። እኛ አናውቅም ነበር። እዚህ አገር ቡና የሚጠጣው በርጩማ ላይ መሆኑን ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ተመልሳ ገባች፤ አደንዝዘው ወደ ቦታው መለሱላት። ካርዷ ላይ ግን «ቤተሰብ የተሰጠውን መመሪያ ባለመከተሉ» ተብሎ ተጻፈ።

የቱን መመሪያ? በየትኛው ወረቀት? ማን ባለበት? ጎረቤቴ «እኔ ባልጠራቸው ኖሮ» እያለች እስከ ዛሬ ታለቅሳለች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ የእናቴም አይደለም። ይህን ጽሑፍ ሳነብ የተሰማኝን ቃጠሎ በማመልከቻ ቋንቋ መግለጽ አልቻልኩም።

አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የጤና መድን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ታካሚ በ30 ቀን ውስጥ ከሚጠበቀው በላይ የሚመለስባቸውን ሆስፒታሎች ክፍያ ይቀንሳል፤ ኋላም የዳሌና የጉልበት ቅየራን ጨምሮበታል። ድሃ ታካሚ የሚበዛባቸው ሆስፒታሎች ሲቸገሩ ደግሞ ከመሰሎቻቸው ጋር እንዲነጻጸሩ አደረገ። የታካሚው ኑሮም የሆስፒታሉ አሸኛኘትም ይቆጠራል ማለት ነው። እኛ ዘንድ የተቆጠረው የእኛ ጥፋት ብቻ ነው።

የካርዱ ጽሑፍ ይታረም። ታካሚ ከመውጣቱ በፊት ስለ ቤቱ ይጠየቅ፤ ምክሩ በሚያነበው ቋንቋ ተጽፎ ይሰጠው። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም እንዲህ ያለ ሰው ወደ ሰፈራቸው መመለሱ ይነገራቸው።

የእናቴ ቀጠሮ ሐሙስ ነው። ከአራተኛ ፎቅ የሚያወርዷትን ልጆች ዛሬ ማታ እለምናለሁ።

የታካሚዋ ልጅ
ቱሉ ዲምቱ