ሌዘሩ የጅማን በርጩማ አይነካም፣ ጭሱ ግን ያስፈራል

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣ ከጅማ ሰላም ብያለሁ።

እዚህ ከተማ ሌዘር መቁረጫ (ሰሌዳ በብርሃን ጨረር አቃጥሎ የሚቆርጥ ማሽን) የሚያስገቡ ቤቶች በዛ በዛ ሲሉ «በቃ የጅማ እጅ ሥራ አለቀለት» የሚል ወሬ በየሻይ ቤቱም በየፌስቡኩም አለ፣ እኔ ደሞ በዚሁ ማሽን እንጀራዬን የምበላ ሰው ስለሆንኩ ዝም ማለት አልቻልኩም። የጅማ በርጩማ እኮ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነገር ነው፣ እግሮቹም መቀመጫውም ያው አንድ እንጨት ናቸው፣ ሚስማር የለ ኮላ የለ። ሌዘር የሚቆርጠው ጠፍጣፋ ነገር ነው። እኔ ጋ ያለው 60 ዋት ማሽን 3 ሚሊ ኤምዲኤፍ (የእንጨት ብናኝ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) እና አክሪሊክ (መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ) ላይ ጎበዝ ነው፣ ወፍራም የዋንዛ ጣውላ ስትሰጠው ግን ጠርዙን አክስሎ እዛው ይቀራል፣ እና ማን ነው በዚህ በርጩማ የሚሠራው? የበርጩማ ጠራቢው ገበያ ከቀዘቀዘ የፕላስቲክ ወንበሩን ጠይቁት፣ እኛን ተዉን።

እኛ የምንሠራው ሌላ ነው። የግድግዳ ሰዓት፣ የሙሽሮች ስም፣ አያተል ኩርሲ የሚባለው የቁርአን ጥቅስ፣ የረከቦት ጎን፣ የሕፃን ክፍል ጌጥ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ሰው ደሞ ማሽኑ ሁሉን ራሱ የሚጨርሰው ይመስለዋል፣ ፎቶ በቴሌግራም ይልክና «ይሄን ለነገ አድርስልኝ» ይላል። ፎቶ እኮ አይቆረጥም፣ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ መስመር በመስመር መሣል አለበት፣ የአማርኛ ፊደል ከሆነ ደሞ ጣጣው ብዙ ነው። መ፣ ው፣ ዐ፣ ቀ ውስጣቸው የተዘጋ ክብ ስላላቸው ጽሑፉን ሰሌዳው ላይ በስተህ ክፍት ልታደርገው ካልክ መሃል ያለችው ቁራጭ ወድቃ ትቀራለች፣ ስለዚህ በቀጭን ድልድይ ማያያዝ ግድ ነው፣ ድልድዩ ሲወፍር ያስጠላል ሲቀጥን ይሰበራል። ዐረብኛው ተያይዞ ስለሚጻፍ ይሻላል፣ ግን ነጥቦቹ ለየብቻ ናቸው፣ ከኋላ ሌላ ሰሌዳ ላይ በደንብ ካልለጠፍካቸው አንዷ ትጠፋና ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል፣ የቁርአን ጥቅስ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። ጨረሩ ራሱ ሲያልፍ ደሞ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ገደማ አቃጥሎ ይወስዳል፣ ረከቦት ላይ ጥርስ ለጥርስ የሚገጣጠም ነገር ስትሠራ እሱን ቀድመህ ካላሰብከው ይላላል። ይሄ የእጅ ሥራ ካልሆነ ምን ይባላል?

(ቅር የሚለኝ ንድፉ ነው። ሁሉም ከኢንተርኔት ያወረደውን ቢራቢሮና የፓሪስ ግንብ ይቆርጣል፣ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በዛ ሁሉ የእንጨት ሥራው ቆሞልን እያለ።)

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። ያ ነጭ፣ ቀለል ያለው፣ ለማስታወቂያ የሚሆነው ፒቪሲ የሚባል የፕላስቲክ ሰሌዳ ከአክሪሊክ ስለሚረክስ አንዳንዱ ሌዘር ውስጥ ያስገባዋል። ማሽኑን የሸጠልኝ ሰው ራሱ «ፕላስቲክ የተባለ ሁሉ ይቆርጣል» ነው ያለኝ። አይቆርጥም፣ ማለቴ መቁረጡን ይቆርጣል ግን ይገላል። ፒቪሲ በክብደቱ ከግማሽ በላይ፣ 57 በመቶ ገደማ ክሎሪን ነው፣ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፣ ያ ጋዝ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆናል፣ ጉሮሮና ሳንባ ደሞ እርጥብ ናቸው። ማሽኑ ላይ የሚሠራው ልጅ ክረምቱን ሙሉ ሲያስል ይከርምና ብርድ ነው ይላል። ማሽኑም አይተርፍም፣ ሐዲዱ ይዝጋል፣ መስታወቱና ሌንሱ ይበላሻል። ፒቪሲ በከተር (በስለት) ወይ በሲኤንሲ (ኮምፒውተር በሚያዘው መቁረጫ ማሽን) ይቆረጥ፣ አለቀ።

ሰሌዳው ምን እንደሆነ ለተጠራጠረ ሰው መሞከሪያ አለ፣ ወጪውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የመዳብ ሽቦ ወስዶ ላስቲኩን ልጦ (የኤሌክትሪክ ገመድ ላስቲክ ራሱ ብዙ ጊዜ ፒቪሲ ስለሆነ በደንብ ይላጥ) እሳት ላይ ማጋል፣ አረንጓዴ ነበልባል ካለው እስኪጠፋ መጠበቅ፣ ከዛ የጋለውን ሽቦ ፕላስቲኩ ላይ ነካ አድርጎ እሳቱ ላይ መመለስ። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ውስጡ ክሎሪን አለ ማለት ነው፣ ሌዘር አጠገብ አይድረስ። ይሄን ደጅ ነው የምታደርጉት እንጂ ቤት ውስጥ አይደለም።

ኤምዲኤፉም ቢሆን ንጹሕ አይምሰላችሁ፣ የተጣበቀበት ሙጫ ብዙ ጊዜ ፎርማልዴሃይድ የሚባል መርዛማ ኬሚካል ያለበት ነው፣ ጭሱ በፋንና በቱቦ ወደ ደጅ መውጣት አለበት። የጅማን ዝናብ ደሞ ታውቁታላችሁ፣ ከሰኔ ጀምሮ በር ይዘጋል፣ የፋኑ ቱቦ ውሃ አስገባ ተብሎ ይነቀልና ጭሱ እዛው አንድ በር ያላት ሱቅ ውስጥ ይዞራል፣ እዛች ሱቅ ውስጥ ደሞ ተለማማጅ ልጆች አሉ። መብራት ሲሄድ ሥራውም ፋኑም አብሮ ይቆማል፣ ሲመጣ ማሽኑ ይጀመርና ፋኑ ይረሳል። ማሽኑን ለልጅ ትቶ ቡና ሊጠጣ የሚወጣም አለ፣ አክሪሊክ ግን ነበልባል ይይዛል፣ አንድ ሰው አጠገቡ መቆም አለበት።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪም ጤናም የሚያስተምሩ ሰዎች አሉት፣ ከነሱ አንዱን አነጋግራችሁ የትኛው ሰሌዳ ሌዘር ውስጥ እንደሚገባና የትኛው እንደማይገባ በግልጽ አማርኛ ጻፉልን፣ በአፋን ኦሮሞም ቢወጣ የበለጠ ነው። ገጹን ቆርጬ ሱቄ በር ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ጎረቤቶቼም ይለጥፉታል ብዬ አስባለሁ።

አንድ የጅማ ሌዘር ሠራተኛ