ለመኪና አደጋ ተጎጂ አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጠው

ለደሴ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የትራፊክ አደጋ ተጎጂዎች የካሳ ማስረጃቸውን በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲያገኙ ስለመጠየቅ

ክቡራን ከንቲባዎች፣

እኛ በሁለቱ ከተሞች የአደጋ ተጎጂዎችን የምናክም፣ የካሳ ክስ የምናዘጋጅና የመድን ጥያቄ የምንመረምር ባለሙያዎች ነን። የምንጠይቀው ብዙ በጀት የሚበላ ነገር አይደለም፤ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። መኪና የገጨው ሰው ወይም አስታማሚው ከድንገተኛ ክፍል ሳይወጣ የሚጨብጠው፣ የገጪው ታርጋ፣ የባለቤቱ ስም፣ የመድን ድርጅቱና የፖሊስ መዝገቡ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት። ይህ ወረቀት ባለመኖሩ የሚጠፋውን ለማሳየት ከመንገዱ እንጀምር።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናቸው። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ቁልቁለቱ በአብዛኛው በመካከላቸው ባለው ሐረጎ ላይ ተጠቅልሎ ነው የሚገኘው። ጭነት የያዘ መኪና በከፍተኛ ማርሽ ከወረደ፣ ወይም ሾፌሩ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ፎሌ (ከማርሽ ውጭ) ካደረገው፣ ያን ሁሉ ክብደት የሚይዘው የእግር ፍሬን ብቻ ይሆናል። የፍሬኑ ሸራና ሸራው የሚያሽበት ታምቡር ይግላሉ፤ የጋለ ሸራ ደግሞ መያዙን ይተዋል። ከዚያ በኋላ የሾፌሩ ቃል «ፍሬን እምቢ አለኝ» ይሆናል። እውነቱን ነው፤ እምቢ ያለው ግን ገና ከላይ፣ ማርሽ ሲመረጥ ነው። በክረምት ጉሙ ሲወርድ ይህ ሁሉ ይብሳል።

«ፍሬን እምቢ አለ» የሚለው ቃል ብዙ ቤተሰብ ተስፋ ቆርጦ ክሱን እንዲተው አድርጓል፤ «የእግዜር ቁጣ ነው፣ ማንን እንከሳለን» ይላሉና። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል፤ አንቀጽ 2086 ደግሞ ባለቤቱ ጥፋት የለብኝም ወይም የጉዳቱ ምክንያት አልታወቀም በማለት ብቻ ማምለጥ እንደማይችል ይናገራል። ማምለጫው ጠባብ ነው፤ ጉዳቱ በተጎጂው በራሱ ጥፋት መድረሱን፣ ወይም መኪናው በወቅቱ ተሰርቆበት እንደነበር ማስረዳት አለበት። የተበጠሰ ፍሬን ከነዚህ ውስጥ አይገባም።

በከተማ ውስጥ ያለው ጉዳት መልኩ ሌላ ነው። ደሴ ውስጥ ከቧንቧ ውሃ እስከ ፒያሳና ሰኞ ገበያ ድረስ እግረኛው፣ ባጃጁና አይሱዙው አንድ ጠባብ አስፋልት ይጋፋሉ። እግረኛን መኪና ሲመታ መከላከያው ቅልጥሙን ያገኘዋል፤ ቀጥሎ ጭንቅላቱ ከመስታወቱ ወይም ከአስፋልቱ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ እግሩ የተሰበረ ሰው ሁሉ ጭንቅላቱም መታየት አለበት። ባጃጅ ሲገለበጥ በጎን በኩል የተቀመጠው ተሳፋሪ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ከብረቱ ሥር ይቀራል። ጭነት ላይ ተሳፍሮ የወደቀ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዳሌው ወይም የጀርባ አጥንቱ ይጎዳል፤ የዳሌ ስብራት ከውጭ ሳይታይ ወደ ውስጥ ብዙ ደም ያፈስሳል።

ጉዳቱን የሚያባብሰው ግን አነሳሱም ነው። ሰው ተሰብስቦ በእጅና በእግሩ አንጠልጥሎ፣ አጥፎ ባጃጅ ውስጥ ይከተዋል። የአንገት ወይም የጀርባ አጥንቱ የተሰበረ ሰው እንዲህ ሲታጠፍ፣ እስከዚያች ደቂቃ ያልተነካ ሕብለ ሰረሰር ሊጎዳ ይችላል። መኪናው የመቃጠል ወይም ሌላ መኪና መጥቶ የመግጨት አደጋ ከሌለ ተጎጂው ባለበት ይቆይ፤ የሚደማው ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ይጫን፤ ሲነሳም ጭንቅላት፣ ትከሻና ዳሌ በአንድነት ሳይጠማዘዙ ሳንቃ ወይም የተነቀለ በር ላይ ይደረግ። ለዚህ አራት ሰው ይበቃል። ጢጣና ሐረጎ ላይ አንድ አንድ ጠንካራ ቃሬዛ በሱቅ ወይም በነዳጅ ማደያ በአደራ ማስቀመጥ ለሁለቱ አስተዳደሮች ከባድ አይመስለንም።

ጭንቅላቱን ተመትቶ «ደህና ነኝ» ብሎ ተነስቶ የሄደ ሰውም አለ። አንዳንድ የራስ ቅል ውስጥ ደም መፍሰስ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚገለጠው። ደጋግሞ ማስመለስ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ የሁለቱ ዓይን ብሌኖች መጠን መለያየት፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ውሃ መሰል ፈሳሽ መውጣት፣ ከነዚህ አንዱ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። በግራ ጎኑ የተመታ ሰው ደግሞ ጣፊያው ተቀዶ ቀስ ብሎ ሊደማ ይችላል፤ መገርጣትና ማዞር ምልክቶቹ ናቸው።

ስለ ወጌሻም እንናገር። ወለም ያለን መመለስ የሚችሉ አሉ፤ አንከራከርም። ችግሩ የተሰበረ አጥንት በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ነው። ስብራቱ ያብጣል፣ እስሩ አይሰፋም፣ ደም መመላለሱን ያቆማል። ጣቶቹ ሲቀዘቅዙ፣ ሲደነዝዙና ሲጠቁሩ «እየጠገነ ነው» እየተባለ ቀናት ያልፋሉ፤ መጨረሻው መቆረጥ ይሆናል። በፍርድ ቤትም ጣጣ አለው፤ ተከሳሹ «እግሩን ያስቆረጠው የእኔ መኪና ሳይሆን እስሩ ነው» ብሎ ይከራከራል። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ የወጣ ከሆነማ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ የቲታነስ መከላከያና እጥበት ያስፈልገዋል፤ ቅቤና ቅጠል አይንካው።

አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም የጤና ተቋም ለተሽከርካሪ አደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ወጪውን በሕጉ ጣሪያ ልክ ከመድን ሰጪው ወይም ከመድን ፈንዱ ይጠይቃል። አዋጁ ሲወጣ ጣሪያው 2,000 ብር ነበር። ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር ተብሎም ነበር። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ተመን በትልቅ ፊደል ታትሞ በድንገተኛ ክፍል በር ላይ ይለጠፍ። አስታማሚ በመጀመሪያው ሌሊት ከዘመድ ከጎረቤት የሚለምነው በሌላ ሰው መከፈል የነበረበትን ገንዘብ ነውና።

እዚህ ላይ ከሁሉ የበለጠ የሚጎዳ ስህተት አለ። የሦስተኛ ወገን መድን ጣሪያ የመድን ድርጅቱ ጣሪያ እንጂ የተጎጂው መብት ጣሪያ አይደለም። ከዚያ በላይ ያለውን ጉዳት ባለቤቱ በአንቀጽ 2081 ይከፍላል፤ የጉዳት ካሳ ልኩ የጉዳቱ ልክ ነው። ሰው የመድኑን ገንዘብ ተቀብሎ «በሕግ የሚሰጠው ይኸው ነው» ብሎ ይቀመጣል። ሾፌሩ ድሃ ስለሆነም አይተው፤ ባለቤቱ አለ። ባለቤቱ ማነው የሚለው ግን ራሱ ሥራ ነው፤ ብዙ ባጃጅ በውክልና ከእጅ ወደ እጅ ስለሚሸጥ ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) ላይ ያለው ስምና መኪናውን የሚያሠራው ሰው ይለያያሉ። ክሱ በተሳሳተ ስም ሲከፈት ወራት ይባክናሉ። የምንጠይቀው ወረቀት ላይ የሊብሬው ስምም መኪናውን የሚያሠራው ሰው ስምም ይግባ የምንለው ለዚህ ነው።

ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ከሆነም በሩ አልተዘጋም። ለሞትና ለአካል ጉዳት የመድን ፈንዱ ይከፍላል፤ ዛሬ የሚያስተዳድረው የመንገድ ደህንነትና የመድን ፈንድ አገልግሎት ነው። የሚጠይቀው ዋና ነገር አደጋው በተሽከርካሪ መድረሱን የሚያሳይ የፖሊስ ማስረጃ ነው። በዚያው ቀን ያልተመዘገበን አደጋ ከሦስት ወር በኋላ ማስመዝገብ ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም።

ስለ አደጋ ፕላን (ፖሊስ ስለሚያነሳው የአደጋው ቦታ ንድፍ) አንድ ቃል። ሐረጎ ላይ መኪና መንገድ ሲዘጋ ወደ ሚሌም ወደ አዲስ አበባም የሚሄደው ሁሉ ይቆማል፤ ስለዚህ መንገዱን ለመክፈት ጥድፊያ አለ። ጥድፊያው ይገባናል። ነገር ግን መኪናው ከተነሳ በኋላ የግጭቱ ነጥብ ከሰው ቃል በቀር ምስክር የለውም፤ የፍሬኑን ዱካም አንድ ዝናብ ያጥበዋል። ሕጉ ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ አድርገዋል ብሎ ይገምታል (አንቀጽ 2084)፤ ይህን ግምት የሚያፈርሰው ማስረጃ ብቻ ነው። መኪናው ሳይነሳ ከአራት አቅጣጫ በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ የዱካውን ርዝመት፣ የመንገዱን ስፋትና ከቋሚ ነገር (ከምሰሶ ወይም ከድልድይ ጠርዝ) ያለውን ርቀት መለካት ከአሥር ደቂቃ ብዙም አያልፍም። የሁለት የዓይን ምስክሮች ስልክ ቁጥርም ይያዝ፤ ተሳፋሪ ምስክር በማግሥቱ ሌላ ከተማ ነው።

የወሎ ሽማግሌ ደም የማድረቅ ባህሉ የታወቀ ነው፤ እናከብረዋለን። የሾፌሩ ወገን ለቅሶ ደርሶ፣ ለቀብሩና ለሕክምናው ጥቂት ብር ሰጥቶ፣ በሦስተኛው ቀን «ምንም ጥያቄ የለንም» የሚል ወረቀት ሲያስፈርም ግን ሌላ ነገር ይሆናል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 የእርቅ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። የተሰበረ ቅልጥም ለመግጠም ከአራት እስከ ስድስት ወር ይወስዳል፤ ብረት ከገባበት አንዳንዴ ለማስወጣት ሌላ ቀዶ ሕክምና አለ፤ ካልገጠመም እንደገና ይጀመራል። በሦስተኛው ቀን ይህን ማን ያውቃል? ሽማግሌዎች ያስታርቁ፣ የተሰጠውም ገንዘብ «በካሳው የሚታሰብ ቅድሚያ» ተብሎ ይጻፍ፤ የመጨረሻው ስምምነት ሕክምናው እስኪያልቅ ይቆይ።

ብዙ ከመቆየት ግን ተጠንቀቁ እንላለን። በአንቀጽ 2143 ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ (የክስ ማቅረቢያ ገደብ) ያለው ወንጀል ከሆነ ያ ጊዜ ለካሳውም ይሠራል፤ ተጎጂው ግን ሁለት ዓመት ብሎ ቢቆጥር ይሻለዋል። በጣም ቀድሞ ለሐኪሞች ቦርድ የቀረበ ሰው ጉዳቱ ገና ስላልረጋ የቋሚ ጉዳቱ መቶኛ አይታወቅም፤ በጣም የዘገየ ደግሞ ቀኑ ያልፍበታል። ለአብዛኛው ስብራት ዓመት ሳይሞላ ቦርድ መቅረብ መሐለኛው መንገድ ነው። ሾፌሩ በወንጀል ነፃ ስለወጣም ተስፋ አይቆረጥ፤ በአንቀጽ 2149 የወንጀሉ ፍርድ የካሳውን ዳኛ አያስረውም። በሞት ጊዜ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች ስለጠፋባቸው መተዳደሪያ ይጠይቃሉ። የሕሊና ካሳው ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተደርጎ በ1952 እንደተጻፈ ቀርቷል፤ እሱ የእናንተ ሥልጣን ስላልሆነ እናልፈዋለን።

ገቢን ማስረዳትም ያስቸግራል። ጉሊት የምትቸረችር ሴትም ሆነች የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ደብተር የላቸውም። የጉዳቱን ልክ በትክክል ማስረዳት ሲያቅት ዳኛው በርትዕ (በሚዛናዊ ግምት) እንዲወስን አንቀጽ 2102 ይፈቅዳል፤ ቢሆንም ሁለት የሥራ ባልደረባ ምስክርና የቀበሌ ማስረጃ መያዝ ይጠቅማል። ደረሰኝ ሁሉ የታካሚው ስምና ቀን ይኑረው፤ «ጥሬ ገንዘብ» ተብሎ የተጻፈ ደረሰኝ ጥያቄ ያስነሳል።

የኮምቦልቻ አስተዳደር በተለይ ልብ ይበል። የኢንዱስትሪ ፓርኩና የሌሎች ፋብሪካዎች ሠራተኛ በአሠሪው ሰርቪስ ወይም አሠሪው ለዚሁ በተከራየው መኪና ሲመላለስ ከተጎዳ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ጉዳቱ በሥራ ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ የዓመት ፈቃዱን ጨርሶ፣ በራሱ ወጪ ታክሞ ይመለሳል።

ወረቀቱን የሚሞላው የአደጋ መርማሪ ትራፊክ ፖሊስ ይሁን። የሚገባበት፦ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፤ ታርጋና የሻንሲ ቁጥር፤ የሾፌሩ፣ የሊብሬው ባለቤትና መኪናውን የሚያሠራው ሰው ስም፤ መስታወቱ ላይ ካለው የሦስተኛ ወገን ተለጣፊ የመድን ድርጅቱ ስምና ቁጥር፤ የምርመራ መዝገቡ ቁጥርና የመርማሪው ስልክ፤ ከታች በደማቁ «የይርጋ ጊዜ 2 ዓመት፣ ከ____ ጀምሮ»። በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ለተጎጂ፣ አንዱ ለሆስፒታሉ ካርድ ክፍል፣ አንዱ ለመዝገቡ። ታካሚው ወደ ሌላ ከተማ ከተላከም ቅጂው ከሪፈሩ ጋር ይሂድ። ተለጣፊው በማግሥቱ ሊላጥ፣ መኪናውም በዋስ ሊለቀቅ ስለሚችል ከ24 ሰዓት ባይዘገይ ይመረጣል። ማንበብ ለማይችሉ ተጎጂዎች የሚያስረዳ ሰው ሲያስፈልግ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎች በፈረቃ በድንገተኛ ክፍል እንዲቀመጡ ቢጠየቁ ልምዱ ለእነሱም ትምህርት ነው።

የቅጹን ረቂቅ አዘጋጅተናል፤ ቀጠሮ በተሰጠን ቀን ይዘነው እንቀርባለን።

ከሰላምታ ጋር
በደሴና በኮምቦልቻ የምንሠራ የሕክምና፣ የሕግና የመድን ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለሁለቱ ከተሞች ፖሊስ መምሪያዎች
ለመንገድ ደህንነትና የመድን ፈንድ አገልግሎት