ለአባዬ፦ ስለ እምዬና ስለዚያ ዓርብ

ይድረስ ለአባዬ፣

እንዴት ነህ? ጉልበትህስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ። በስልክ ልጠይቅህ ስል አፌ እየተሳሰረ ቢያስቸግረኝ ነው የምጽፍልህ።

ጀመርኩት ያልኩህ ልቦለድ ስለ አያቴ ስለ እምዬ ነው። ስሟን ቀይሬዋለሁ፤ አንተ ግን ሁለተኛው መስመር ላይ ታውቃታለህ። የ13 ዓመት ልጅ ናት። ቀኑ የካቲት 12፣ 1929 ዓ.ም.። የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን ገነተ ልዑል ግቢ ሰብስቧል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምቡን ወረወሩ። ከዚያ በኋላ ያለውን የሦስት ቀን ጭፍጨፋ አንተም ታውቀዋለህ፤ በየዓመቱ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ጋ የምትቆመው ለዚያው አይደል?

ያስቸገረኝ እሱ አይደለም። ያስቸገረኝ ጓዳው ነው። ለእምዬ እናት የዚያን ቀን ምሳ ዶሮ ወጥ አሠርቻት ነበር። ኋላ ቀኑን ሳየው ዓርብ ሆኖ ቁጭ! እምዬ ብታየው ገጹን ገንጥላ ምድጃ ውስጥ ትከተው ነበር። አሁን ሽሮ ሆኗል። ደግሞ ሚካኤል ነው፤ ስለዚህ ልጅቷ ጠዋት ተሳልማ መጥታለች።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። እምዬ ቤቷ ነጭ ጋዝ አታስገባም ነበር፣ ትዝ ይልሃል? ጎረቤቱ ሁሉ ቡታጋዝ ሲገዛ እኛ በከሰል ጭስ ዓይናችን ይጠፋ ነበር። "ሽታው ራሴን ያመኛል" ትላለች። እኔ ቆጥቋጣ ስለሆነች ይመስለኝ ነበር። አሁን ለልቦለዱ ሳነብ፣ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ፋሺስቶች የሣር ጎጆዎቹን ቤንዚን እያርከፈከፉ፣ ሰው ውስጡ እያለ እንዳቃጠሉ አገኘሁ። ያኔ ነው ከሰሉ ትዝ ያለኝ።

አባዬ፣ ለአንተ ነግራህ ታውቃለች? ስለ ታናሽ ወንድሟ "በዚያ ክፉ ቀን ቀረ" ከማለት ሌላ ቃል አልሰማሁም። ከቤት ወጥቶ ነው የቀረው ወይስ ሳይወጣ? ፈጥሬ ልጽፈው እችላለሁ፤ ልቦለድ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል። እጄ ግን እምቢ አለኝ።

መናገር ካልፈለግህ "ተይው" በለኝ፣ እተወዋለሁ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። የጆሮ ማዳመጫህን እንደ ባለፈው መሳቢያ ውስጥ እንዳትረሳት።

ልጅህ