የሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከአሞራ ገደል እስከ አንታርክቲካ

ክበባችን ዘንድሮ የዓመቱን ዋና ሥራ በዋልታ በረዶ ላይ ማድረጉ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ብዙ አስቀልዶብናል። «የሐዋሳ ሐይቅ ደጃችን እያለ አንታርክቲካ ምን አስኬዳችሁ?» ላሉን ባልደረቦች በጊዜው በፈገግታ ያለፍነውን መልስ እዚህ ላስፍረው። የሚቴን ጋዝ ትልቁ የተፈጥሮ ምንጭ እንደ ጨለለቃ ያለ ረግረግ ነው፤ በምድር ወገብ ዙሪያ ዝናብ በዝቶ ረግረጉ ሲሰፋ በዓለም አየር ውስጥ ያለው ሚቴን ይጨምራል፣ ጭማሪውም በዋልታ በረዶ ውስጥ ታሽጎ ይቀመጣል። የእኛ ዓይነቱ አገር ዝናብም እዚያ ተመዝግቧል ማለት ነው።

በአንታርክቲካና በግሪንላንድ የሚወርደው አመዳይ ሳይቀልጥ በየዓመቱ እየተደራረበ በራሱ ክብደት ይጨመቃል፤ ከ50 ሜትር በላይ ሲጠልቅ በቅንጣቶቹ መካከል የነበረው አየር መውጫ አጥቶ በአረፋ መልክ ይታሰራል። ተመራማሪዎች ይህን በረዶ ሰርስረው በዘንግ መልክ ካወጡ በኋላ ከአረፋው የጥንቱን አየር፣ በውሃው ውስጥ ካለው የከባድ ኦክስጅን (ክብደቱ ከተለመደው የሚበልጥ የኦክስጅን ዓይነት) መጠን የዘመኑን ሙቀት፣ ከአመዱ ደግሞ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታን ያነባሉ። ዶም ሲ ከተባለው የአንታርክቲካ ጣቢያ የወጣው ዘንግ 800,000 ዓመት ወደ ኋላ ይወስዳል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን የአየር እጅ በ180 እና በ300 መካከል ሲዋዥቅ የኖረ ሲሆን፣ ዛሬ ከ420 አልፏል። ተማሪዎቹ ግራፉን በካርቶን ሲሠሩ የዛሬዋ ነጥብ ከካርቶኑ በላይ ስለወጣች ግድግዳው ላይ ለጠፏት።

ኅዳር ላይ ለማሳያ ብዬ ከፍሪጅ ያመጣሁትን በረዶ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሬ «የታሰረው አየር ይህ ነው» አልኳቸው። እስከዚያ ቀን ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ይሄ እኮ የረጋ ውሃ ነው፤ አየሩም ውሃው ውስጥ የነበረ ነው። የዋልታው ከአመዳይ የተጨመቀ ነው ብለውን የለ? እንዴት አንድ ይሆናል?» አለችኝ። ልክ ነበረች። አማርኛችን ከሰማይ የሚወርደውንም ፍሪጅ የሚሠራውንም «በረዶ» ስለሚል ነው ብዬ ላመካኝ ብሞክርም አልተቀበለችኝም።

እርማቷ ሐይቁ ዳር ካለው የአሳ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል አደረሰን። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አራት ተማሪዎች ይዤ ወደ አንዲት አሳ ነጋዴ እናት ስሄድ የፍሪዘራቸው ግድግዳ በአመዳይ ወፍሮ ክዳኑ አልገጥም ብሎ ነበር። «ፋቁልኝ እንጂ ልጆቼ፤ ልፍቀው ስል ሳምንቴ ነው» ብለው ማንኪያ ሰጡን። የተፋቀውን ብናኝ ጫፉ በተደፈነ ቱቦ ውስጥ እየጨመርን በዱላ ጠቀጠቅነው፤ ለእሳተ ገሞራው ምሳሌም በየመካከሉ የከሰል አመድ ነሰነስንበት። በሳምንቱ ስንመለስ ጠንካራ ዘንግ ሆኖ ጠበቀን። ቁራጩን ውሃ ውስጥ ስንጨምረው ያቺው ተማሪ ጆሮዋን ወደ ብርጭቆው አስጠግታ የአረፋውን መፈንዳት አዳመጠች፤ ቀጥላም አሸተተችውና «ቲቸር፣ አምባዛ አምባዛ ይላል፤ አየሩ የሱቁ ነው!» አለች። ሁላችንም ሳቅን። እርሷ ግን አንገቷን ደፍታ ደብተሯ ላይ ትጽፍ ነበር።

በጥር ወር የአውሮፓ ተመራማሪዎች አንታርክቲካ ላይ 2,800 ሜትር ሰርስረው ቢያንስ 1.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው በረዶ ማውጣታቸው ሲነገር፣ ዜናውን ቀድመው የነገሩኝ ተማሪዎቹ ናቸው። የሰልፍ ሜዳ ገለጻዎችና ሳምንታዊ ስብሰባዎች እንደወትሮው ተካሂደዋል። ሚያዝያ ላይ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ረጅሙ ዘንጋችን ቀልጦብናል።

የክበቡ በጀት ካርቶንና ማርከር ገዝቶ ስላለቀ ቱቦውን የገዛሁት ከኪሴ ነው። ለእግር ኳስ ቡድናችን በዓመት ሁለት ጊዜ መለያ መገዛቱን አልቃወምም፤ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ግን ለመጪው ዓመት አንድ ያገለገለ አነስተኛ ፍሪዘርና ሁለት ቴርሞሜትር እንዲያስብልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። እስከዚያው አንድ ክንድ የማይሞላ አዲስ ዘንግ በአሳ ነጋዴዋ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከቆሮሶ አሳው ሥር አለን፤ ማየት የሚፈልግ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከእኛ ጋር መምጣት ይችላል።